የአቶ በዳኔ ጀልባና የእኔ ቋጠሮ

ከልደታ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴት፣ ለኅዳር ጽዮን ንግሥ የሄድነው አራት ሰዎች ነበርን። የመጀመሪያው አቶ ተሰማ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ጡረተኛ ዘበኛ፣ በማኅበሩ ውስጥ ከእርሳቸው ቃል በኋላ ማንም የማይናገር። ሁለተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ሰንጋ ተራ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ልጃቸው ከጦር ግንባር በእግሩ ቆሞ ስለተመለሰላቸው ለጽዮን ጃንጥላ ተስለው ነበር። ሦስተኛዋ ልጄ ብዙነሽ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷን የምትጠብቅ፣ ብዙ የማትናገር፣ ያየችውን ግን የማትረሳ። አራተኛው እኔ ወልዴ ነኝ፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለጭነት መኪና ሸራ እሰፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሰባት ዓመቴ ለብቻዬ ነው፤ ገመድ ማሰር ግን ከፊደል በፊት አውቃለሁ።

ከደሴቱ ወገን ሦስት ሰዎች አሉ። አቶ በዳኔ የጀልባዋ ባለቤት ናቸው። ወይዘሮ ዳሚቴ ሚስታቸው ናቸው። ሁንዴ ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ስሙን እዚህ የማነሳው ባላጠፋው ጥፋት ስለተወቀሰ ነው።

ይህን የምጽፈው ከዝናብ ጎርፍ በቀር ውሃ ላይ እግሩን ላላሳረፈ የሰፈሬ ሰው ነው። በዚህ ጉዞ የተቆጣሁበት ነገር ብዙ ነው፤ በየተራው እናገራለሁ። ከሁሉ የበለጠ ቁጣ የሚገባው ማን እንደነበረም አልደብቅም።

የመጀመሪያው ቀን፣ ኅዳር ፲፱

ቁጣዬ የጀመረው ከመነሳታችን በፊት ነው። የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ማኅተሙ የለም። በማግሥቱ ማኅተሙ አለ፤ ማኅተሙን የሚመታው ጓድ ግን ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ወጣቱ ጸሐፊ «የጉዞው ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሳ። «ንግሥ» ብሎ መጻፍ ፈርቷል።

«የዘመድ ጥየቃ እንበለው፣ አባቴ?»

«እዚያ ዘመድ የለኝም። ውሸት አልፈርምም።»

በመጨረሻ «ሐይቅ ለመጎብኘት» ብሎ ጻፈ። ሐይቁን ማየታችን ስለማይቀር ፈረምኩ። አራት ቀን ተፈቀደልን። ውሸት አልፈርምም ማለቴን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ በኋላ ይፈለጋል።

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በአብነት በኩል በእግራችን ወደ አውቶቡስ ተራ ወጣን። እዚያ ረዳቱ የጣራውን ጭነት ሲያስር አየሁትና ደሜ ፈላ። ገመዱ ከማዶ እማዶ ረግቦ ተንጠልጥሏል።

«አንተ ልጅ፣ ይህ የጭነት ገመድ ነው ወይስ ልብስ ማስጫ?»

«እስከ ሞጆ ይይዛል፣ አባባ።»

«ከሞጆ በኋላስ?»

«ከሞጆ በኋላማ ለመንገዱም ለእኔም እግዜር አለ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጫማዬን ለብዙነሽ ሰጥቼ ጣራው ላይ ወጣሁና የሰው ሁሉ ዕቃ እንዳይነቃነቅ አድርጌ እንደገና አሰርኩት። ሾፌሩ ሲያይ ቆይቶ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለቀቀልኝ። በሥራዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ ከሸራና ከገመድ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከተገኘ ጭነቱ መንገድ ላይ ቀርቷል በሉ። በዚያን ቀን ጠዋት ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ግን በልቤ አብጦ አብሮኝ እስከ ሐይቁ ተጓዘ።

ሞጆ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። አንድ ወታደር የወይዘሮ አስካለን ጃንጥላ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ያዘና «ይህ ረጅም ነገር ምንድን ነው?» አለ።

«የጽዮን ጃንጥላ ነው፣ ልጄ።»

«ይፈቱት።»

«ቤቷን ሳያይ አይፈታም! ስለት ነው። ከፈለግህ ዳስሰው።»

ወታደሩ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ከዚያ ዞር ብሎ አለቃው አለማየቱን አረጋገጠና «ስሜ ኃይለ ማርያም ነው፣ ለእኔም ይጸልዩልኝ» አላቸው ቀስ ብሎ። ወይዘሮ አስካለ እስከ መቂ ድረስ ስለዚያ ልጅ አለቀሱ።

ዝዋይ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ያደርንበት ቡና ቤት አልጋው በሁለት ብር፣ ቁንጫው በነጻ ነበር። በልደታ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ጣራውም ያፈሳል፤ ነገር ግን አንሶላ ይታጠባል። ለእራት የዓሣ ሾርባ አቀረቡልን። ጾመ ነቢያት ከገባ አምስት ቀኑ ነበር።

«ጾመኞች ነን» አልኩ።

«ዓሣ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለች አሳላፊዋ። «ዓሣ ደም የለው፣ ምን የለው።»

አቶ ተሰማ ማንኪያቸውን አነሱ። «በውሃ ዳር የውሃ ሥርዓት ነው» አሉና ጠጡ። የማኅበራችን ሙሴ! እኔ ዳቦ በሻይ በላሁ። ወይዘሮ አስካለ ግን «ጋሽ ወልዴ፣ ተዋቸው፤ ሾርባው ውስጥ ዓሣ መኖሩን ያየም የለ» ብለው አሳቁኝ።

የቡና ቤቱ ባለቤት ሴት ወደ ደሴቱ የሚመለስ ሰው እንዳለ ነግራ ሰው ላከችልን። አቶ በዳኔን ያገኘናቸው እንዲህ ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ክንዳቸው እንደ መኪና ዘንግ የጠነከረ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ስለ ዋጋ ስጠይቃቸው ተገረሙ።

«ለንግሥ የሚመጣ ሰው እንግዳዬ ነው። ከእንግዳ ምን እቀበላለሁ? ንጋት ላይ ዳር ይምጡ። ከረፈደ ግን አልሄድም። ከቀትር በኋላ ሐይቁ የነፋስ ነው።»

ሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር ፳

ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ደረስን። ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቷል። እኛ ሰፈር ሰው ባልዲ ይዞ ቦኖ ፊት ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል፤ እዚህ ውሃው ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቶ ማንም አይሰለፍለትም።

ከጎናችን አንድ ሌላ ጀልባ ምዕመናንን ይጭን ነበር። ጭነት አውቃለሁ፤ የጀልባዋ ከንፈርና ውሃው አራት ጣት ቀርቷቸዋል፤ ባለ ጀልባው ግን «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል፣ የፒያሳ ታክሲ ይመስል። ልጅ ያዘለች ሴት ሲያስገባ አላስቻለኝም፤ ሄጄ ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ መኪና ቢበዛበት ጎማው ይፈነዳል፤ ይህ ቢበዛበት ምን እንደሚሆን አታውቅም?» ሴትዮዋ ወረደች። እርሱ ሰደበኝ። ስድቡን እዚህ አልጽፍም።

አቶ በዳኔ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እኛ አራት፣ እርሳቸውና ሁንዴ ስድስት ሆንን። አንድ ሽማግሌ «እኔንም» ብለው ለመኑ። «ስድስት ልኳ ነው፣ አባቴ። ነገ ጠዋት ለእርስዎ ብዬ እመለሳለሁ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ዋና የሚችል ማነው?» አሉ።

ማንም እጁን አላነሳም።

«አንድ እንኳ?»

«ልደታ ውስጥ የት እንዋኝ? ቦኖው ሥር?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

አቶ በዳኔ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ለእያንዳንዳችን አመጡ። ብትወድቁ ይህን እቀፉ፣ አይሰምጥም አሉ። ዳር ለቀረ ጎረቤታቸው ስንት እንደሆንን፣ በየት በኩል እንደምንሄድ ነገሩት። ከዚያ ሕጋቸውን አስታወቁ፦ መካከል ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፤ ዕቃ ከሥር ማድረግ፤ ያለ እርሳቸው ፈቃድ ማንም እንዳይነሳ። ይህን በማድረጋቸው አከበርኳቸው። ሕግ ያለው ሰው እወዳለሁ።

ለሁለት ሰዓት ያህል በደህና ቀዘፉ። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ ኮረብታው ብቅ አለ፤ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ።

«ጽዮን!» አሉ አቶ ተሰማ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ወይዘሮ አስካለም እልል ብለው ተነሱ፤ ቤቷን ስላየ ጃንጥላውን ከጨርቁ ፈትተው ዘረጉት። ሁለቱም በአንድ ጎን ቆመዋል። ትንሽ ነፋስ መጣና ጃንጥላውን ሞላው። ጀልባዋ ዘመመች። ቀዝቃዛ ውሃ በከንፈሯ ላይ አልፎ ጭናችን ላይ ፈሰሰ።

አቶ በዳኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን አነሱ። «ቁጭ!»

«ቤተ ክርስቲያን እያየሁ ቁጭ አልልም!» አሉ አቶ ተሰማ እየተንገዳገዱ። «ሰውዬ፣ እኔ በልደታ ሳልፍ ከታክሲ ወርጄ ነው የምሳለመው!»

«ጋሼ፣ እዚህ ከታክሲ መውረድ የለም!» አሉ አቶ በዳኔ።

ሁንዴ ጃንጥላውን ነጥቆ ዘጋው፤ ብዙነሽ የአቶ ተሰማን ኮት ስባ አስቀመጠቻቸው። ጀልባዋ ቀና አለች። ወይዘሮ አስካለ «ማርያም ተቀምጬም ታየኛለች» አሉና ውሃውን በጣሳ መጭለፍ ጀመሩ። አቶ ተሰማን ተቆጣኋቸው። መርከብ ላይ አለቃው መርከበኛው ነው፣ ማኅበር አይደለም አልኳቸው። ይህን የምናገር እኔ ራሴም ለመሳለም ከመቀመጫዬ ግማሽ ተነስቼ ነበር። ብዙነሽ አይታኛለች።

አምስት ሰዓት ገደማ ደረስን። አሁን አንባቢ ልብ ብሎ ያንብብ፤ ነገሩ እዚህ ነው።

አቶ በዳኔ ከዳሩ ራቅ ብለው ቆሙና ከጀልባዋ አፍ፣ ከፊት ጫፏ ላይ የታሰረ ትልቅ ድንጋይ ወደ ውሃው ጣሉ። ውሃው እዚያ ላይ የሰው ቁመት ቢሆን ነው፤ እርሳቸው ግን የለቀቁት ገመድ የትየለሌ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ቀዝፈው ጭራዋን ወደ ዳሩ አስጠጉ። እኛን አወረዱ። ከጭራዋ አንድ ገመድ ወስደው አለቱ ላይ ካለ የሾላ ሥር ጋር አሰሩ፤ እርሱም ረግቦ ነበር። በጀልባዋና በአለቱ መካከል ውሃ ዳር የሚበቅለውን የደንገል ሣር እስር ወሸቁ። ጀልባዋ አፏን ወደ ሐይቁ አድርጋ፣ ከአለቱ ሁለት ክንድ ርቃ፣ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

አቶ በዳኔና ሁንዴ የወይዘሮ አስካለንና የአቶ ተሰማን ዕቃ ተሸክመው ወደ ቤት ወጡ። እኔና ብዙነሽ ከኋላ ቀረን። ያን የረገበ ገመድ አየሁት። እጄ በላኝ። ይህን የመሰለ ቁም ነገረኛ ሰው ጀልባውን እንደ ተፈታ አህያ ትቶ ሄደ አልኩ በልቤ። ተናደድኩ።

«ነይ ያዥልኝ» አልኳት ልጄን።

«አባባ፣ ሰውየው ዐውቀው ነው ያረገቡት።»

«ዝም በይ። ገመድ አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?»

ገመዱን ያዘችልኝ። ጀልባዋ ላይ ወጥቼ ድንጋዩን ከውሃው ጎትቼ አወጣሁ፤ ያን ሁሉ ገመድ ጠቅልዬ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጀልባዋን አለቱ ድረስ ስቤ በጎኗ አስጠጋኋት፤ አፏንም ጭራዋንም በጭነት ቋጠሮ ከሥሩ ጋር ጠፍሬ አሰርኳት። ጣት አያስገባም። የደንገሉን እስር ቆሻሻ መሰለኝ፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ወይዘሮ አስካለ ይቀመጡበታል ብዬ ይዤው ወጣሁ። እርሳቸውም መረቁኝ።

ወይዘሮ ዳሚቴ ቤታቸውን ለቀውልን፣ ራሳቸው ከማድ ቤት ተቀምጠው ሽሮ፣ ጎመንና የበቆሎ ቂጣ አቀረቡልን። እግራችንን ካላጠብን አሉ፤ እምቢ ብንል ተቆጡ። በልደታ እንግዳ ሲመጣብን መጀመሪያ የምናስበው የት እንደሚተኛ ነው፤ እኚህ ሴት መጀመሪያ ያሰቡት እግራችን መድከሙን ነው። «ጀልባዋ ባትኖር እናንተን የት አገኛችሁ ነበር?» አሉን እየሳቁ። ጀልባዋን የሠሩት የአቶ በዳኔ አባት ናቸው። ሽንኩርትና ዓሣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ የምትወስደው፣ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም የምታደርሰው እርሷ ናት። ሁለተኛ ጀልባ የላቸውም።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ለዋዜማ ወደ ኮረብታው ስንወጣ ወደ ታች አየሁ፤ ያ መስተዋት የነበረ ውሃ ነጭ አረፋ ለብሶ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ተሸብሽቧል። አቶ በዳኔ አይተው ግድ አልሰጣቸውም፤ በደንብ እንዳሰሩ ያውቃሉ። እኔም ግድ አልሰጠኝም፤ በደንብ እንዳሰርኩ አውቃለሁ። እንዲያውም ኩራት ተሰማኝ፤ ያ ገመድ እንደ ነበረ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ጀልባ አልነበራቸውም አልኩ። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት ሰምቶኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁንዴ ከታች ጮኸ። ሁላችንም ወረድን። ጀልባዋ አለቱ ሥር በውሃ ተሞልታ ተንጋላለች። ማዕበሉ ባነሳት ቁጥር መሸሻ ስላልነበራት ጎኗን ከድንጋዩ ጋር ሲያላትማት ውሏል። ሦስት ጣውላ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ጨርሶ የለም። መቅዘፊያዎቹ ሄደዋል። ያልተነካ ነገር ቢኖር ቋጠሮው ነው። ሁለቱም ቋጠሮዎች ጠዋት እንዳሰርኳቸው ነበሩ።

አቶ በዳኔ ውሃው ውስጥ ገብተው ቋጠሮውን ዳሰሱ። «ይህ የእኔ አይደለም» አሉ። ቀስ ብለው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ይህ የመኪና ቋጠሮ ነው።»

ሁንዴ አምና መቂ ላይ ሽንኩርት ጫኝ ነበር። «እኔ አልነካሁም!» አለ። «በእናቴ!»

አቶ በዳኔ በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩት። ቃሉን አላውቀውም፤ ወቀሳ መሆኑን ግን ማንም ያውቃል። ሁንዴ ትቶን በዳሩ ሄደ።

እኔ ዝም አልኩ። ጸሐፊው ፊት «ውሸት አልፈርምም» ያልኩት ሰው፣ ረዳቱን የተቆጣሁት፣ ባለ ጀልባው ላይ የጮህኩት፣ አቶ ተሰማን የገሠጽኩት፣ ዝም አልኩ።

ወደ ቤት ስንወጣ ለአቶ ተሰማ ብቻ ነገርኳቸው። ቆም አሉና «ነፋስ ነው» አሉ። «ነፋስን ማን ይከሳል? የማኅበሩን ስም አታንሳ። ስንመለስ ትንሽ ነገር እናዋጣላቸዋለን።» ተናደድኩባቸው፤ ነገር ግን ንዴቴ ውሸት ነበር፤ ልሰማው የፈለግሁትን ነው የነገሩኝ።

ብዙነሽ እራት አልቀመሰችም። ወይዘሮ ዳሚቴ «ልጄ አሟት ይሆን?» እያሉ ግንባሯን ዳሰሱ። ሲወጡ ወደ እኔ ሳታይ «አባባ፣ ነገ ቅዳሴ እንዴት ይቆማሉ?» አለችኝ።

ሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር ፳፩

ንጋት ላይ ደወሉ ሲደወል ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ወጣ። እኔ ወደ ታች ወረድኩ። አቶ በዳኔ፣ ሁንዴና ሰባት ስምንት ጎረቤቶች ጀልባዋን ከውሃ እየጎተቱ ነበር። አቶ በዳኔ በዓመት አንድ ቀን የሚመጣውን ንግሥ ትተው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ወንድማማቾቹ በሁለት ጫፍ ይጎትታሉ፤ አይነጋገሩም።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ገመዱን ያዝኩ። እንዲህ ከሆነ በኋላ ለመናገር ቀለለኝ።

«ቋጠሮው የእኔ ነው» አልኩ። «ሁንዴ አልነካውም። እናንተ ስትወጡ ድንጋዩን ያወጣሁት፣ ወደ አለቱ የሳብኳት፣ ደንገሉንም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ልጄ ተው ብላኛለች፤ ዝም በይ አልኳት።»

መጎተቱ ቆመ። አቶ በዳኔ ገመዱን ለቀው ወደ እኔ መጡ።

«ጋሼ፣ ማታ ለምን አልነገሩንም?»

ስለ ጣውላው አይደለም የጠየቁኝ። «አፈርኩ» አልኳቸው።

አቶ በዳኔ ወደ ሁንዴ ሄደው በራሳቸው ቋንቋ አጭር ነገር ተናገሩ፤ ትከሻውንም ያዙት። ሁንዴ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይገባኝም ነበር።

«የመኪና ሰው ነዎት እንዴ?» አለ።

«ሸራ ሰፊ ነኝ።»

«ጀልባዋ ሞተች፣ ቋጠሮዎ ግን አልሞተም! እኔን መቂ ላይ ያስተማረኝ ሰው እንዲህ አያስርም።» ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኔም ጎተትኩ።

ጀልባዋ ከውሃ ከወጣች በኋላ አቶ በዳኔ እጄን ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ጀልባ ወሰዱኝ። «እስቲ ገመዱን ይሰሩ» አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው እያየ፣ እንደ ጀማሪ ሰባት ጊዜ አሰርኩ። ሰባት ጊዜም የተማርኩትን እጽፋለሁ፤ የሚሄድ ይጠቀምበት።

በመጀመሪያ፣ የሚይዘው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ የገመዱ ርዝመት ነው። እኛ ልደታ የምናውቀው የጉድጓድ ገመድ ነው፤ ልኩ የጉድጓዱ ጥልቀት ነው። የጀልባ ገመድ እንዲያ ከሆነ፣ ማዕበል ጀልባዋን ባነሳ ቁጥር ድንጋዩን ቀጥ አድርጎ ከመሬቱ ያነሳዋል። ገመዱ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ሲሆን ግን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ድንጋዩም ጭቃው ውስጥ ይቀበራል። አቶ በዳኔ ከጣሉት በኋላ ወደ ኋላ ቀዝፈው መያዙን ይፈትኑታል፤ ከዳር አንድ ዛፍ ይመርጡና ዛፉ ከቦታው የሄደ ከመሰላቸው ድንጋዩ እየተጎተተ መሆኑን ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ አፏ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይዙር፤ ጎኗን ለማዕበል መስጠት መግደል ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ዳር የሚሄደው ገመድ ውሃው ሲነሳ እርሷም እንድትነሳ የሚተው መሆን አለበት። በእርሷና በድንጋይ መካከል ለስላሳ ነገር ይኑር።

«ጭነት ከመኪናው ጋር አንድ ይሆናል» አሉኝ አቶ በዳኔ። «ጀልባ ግን ከድንጋይ ጋር አንድ አትሆንም፣ ጋሼ። የውሃው ናት።»

አራተኛውን ሕግ እኔ ጨመርኩ፦ የሰው ገመድ ያለ ባለቤቱ አትንካ። ክፍተት ያየህ ከመሰለህ ጠይቅ። እኔ ፊደልን ያለ አስተማሪ ስለ ተማርኩ ሁሉን ነገር ያለ አስተማሪ የምችል መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ከቀትር በፊት ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ታቦቱ ሊገባ ነበር። ብዙነሽ በሴቶቹ በኩል ቆማለች፤ እግሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየችና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። የወይዘሮ አስካለ ጃንጥላ ከካህናቱ በላይ ተዘርግቷል፤ ጠርዙ በሐይቁ ውሃ ተበላሽቶ ነበር።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን

የጎረቤቱ ጀልባ ሌሎች ምዕመናንን ይመልስ ስለነበር አንድ ቀን ጠበቅን። ወይዘሮ ዳሚቴ ጀልባቸውን የሰበረባቸውን ሰው ያን ሁሉ ቀን አበሉት። ለመንገድም የበቆሎ ቂጣ ቋጠሩልን። እኔ ቤት ሰው መጥቶ የስፌት መኪናዬን ቢሰብር ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

ኅዳር ሃያ ሦስት በጠዋት ተሻገርን። ኮረብታው ከኋላችን ሲቀር አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ግን ተቀምጠው። የይለፍ ወረቀታችን አንድ ቀን አልፎበት ስለነበር ቀበሌ ተጠራን። ያው ወጣት ጸሐፊ «ለምን ዘገያችሁ?» ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት፤ ሳቀ፣ ቅጣቱን ግን አላስቀረም።

በሚቀጥለው የጽዋ ቀን ነገሩ ማኅበሩ ፊት ቀረበ። አቶ ተሰማ «የነፋስ ጉዳት ማኅበሩን አይመለከትም» ብለው ጀመሩ። ተነስቼ የነፋስ ጉዳት እንዳልሆነ ነገርኩ፤ ማን እንዳሰረም ነገርኩ። ስቆጣ ድምፄ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ በዚያን ቀን ግን አልጮህኩም። ወይዘሮ አስካለ «ደንገሉ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ የመረቅኩትም እኔ ነኝ» ብለው ሠላሳ ብር ከመቀነታቸው ፈቱ። አቶ ተሰማም ሃያ አምስት አወጡ። ብዙነሽ ልጆች አስጠንታ ያጠራቀመችውን ሃያ ብር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አንቺማ ነግረሽኝ ነበር፤ አንሺው» አልኳት። «ገመዱን የያዝኩልዎት እኔ ነኝ» አለች።

ጣውላውንና ሬንጁን ራሴ ገዝቼ ወሰድኩ። በአውቶቡስ ተራ ጣራው ላይ ወጥቼ ጣት እንዳያስገባ አድርጌ አሰርኩት፤ እዚያ ልክ እርሱ ነውና። ጀልባዋ ለስድስት ሳምንት ከውሃ ውጭ ቆየች። በእነዚያ ስድስት ቅዳሜዎች አቶ በዳኔ ገበያ አልወጡም። ምን ያህል እንደቀረባቸው ብጠይቃቸው «እርሱን አልቆጠርኩም» አሉኝ። ከሁንዴ ግን ጠይቄ ሰማሁ፤ በደህና ሳምንት አሥራ አምስት ብር ያገኙ ነበር። እርሳቸው ያልቆጠሩትን እኔ ቆጥሬ፣ እየለመንኩ፣ በሚስታቸው እጅ አኖርኩት።

እንግዲህ ሒሳቡ፦ ጣውላ፣ ሚስማር፣ ሬንጅ፣ ሁለት መቅዘፊያና የአናጢ ዋጋ፣ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ብር። ለጎረቤቱ ጀልባ፣ አሥራ ሁለት ብር። የቀበሌ ቅጣት፣ አሥር ብር። ጣውላውን ያደረስኩበት የደርሶ መልስ ጉዞ፣ ሃያ ሁለት ብር ከሃምሳ። አቶ በዳኔ ያልቆጠሯቸው ስድስት ቅዳሜዎች፣ ዘጠና ብር። ሁንዴ ወንድሙ ሳያናግረው ያደረበት አንድ ሌሊት፣ ዋጋ አላገኘሁለትም፤ ባዶ ትቼዋለሁ። በድምሩ ሦስት መቶ ሃያ ብር ከሃምሳ ሳንቲም።